መርዝ አይመርጥም

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ቢጫ እንደሆነ ሞተ። አስከሬኑ ገና ለምርመራ ሳይወሰድ ቤተሰቡ ገዳዩን አግኝቶ ነበር፤ ሚስቱን። እናቱ «አብልታ ገደለችው» አሉ፤ ሐኪሙ ታናሽ ወንድሙ «ጉበቱን የጨረሰው መርዝ ነው፤ እኔ አውቃለሁ» ብሎ አጸደቀላቸው። ሴትዮዋ በነገታው ልትታሰር ነው።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ «እኔ አውቃለሁ» ባይ አትወድም። ሚስትየዋን ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ምን ይወስድ ነበር፣ እህቴ?»

«ጣቶቹ እያበጡ መቀስ መያዝ ሲያቅተው ዶክተር ወንድሙ ኪኒን ሰጠው። ተሻለው፤ ግን መራራ ነው እያለ ፊቱን ያጨማድድ ነበር።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አይ፣ በኋላ እንደ ከረሜላ ጣፈጠኝ አለ። ወዲያው ጣቶቹ እንደገና አበጡ፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ።»

መርማሪዋ የኪኒኑን ብልቃጥ ለማስመርመር ይዛ ወጣች። አስከሬን መርማሪው ደግሞ በማይክሮስኮፕ የጉበቱን ቁራጭ አሳያት። አንዱ ሕዋስ ሞቷል፤ ጎረቤቱ ደህና ነው። ከሞተው ሕዋስ ጎን ነጭ የደም ሕዋስ ተለጥፏል።

በነገታው ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ መርዝ ይመርጣል?»

«እንዴት ማለት?»

«መርዝ ያገኘውን ይፈጃል። ሟቹን የገደለው ግን መራጭ ነው። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ የቫይረሱን ቁራጭ ደጁ ላይ ይሰቅላል። ገዳይ ቲ ሴል የሚባለው የሰውነት ዘበኛ እየዞረ ደጁን ይዳስሳል። ቁራጩን ካወቀው ይጣበቅበታል፣ ግድግዳውን ይበሳል፣ ሕዋሱ ራሱን እንዲያፈርስ የሚያደርግ ነገር ያፈስበታል። ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ንጹሑን አይነካም። እናንተ ያን ያህል እንኳ አላጣራችሁም።»

እናትየው «ታዲያ ዘበኛ ባለቤቱን ይገድላል?» አሉ።

«ጥቂት ቤት ቢያፈርስ ያድናል፣ እማማ። መንደሩ በሙሉ ከተበከለ ግን መንደሩን ያፈርሳል። ልጅዎ ጉበቱ ውስጥ የተኛ ቫይረስ ነበረበት። ጣቶቹን ያሳበጡት ተሳስተው የተነሡበት ዘበኞች ናቸውና፣ የጣቶቹ ኪኒን ደግሞ ዘበኞቹን ያስተኛል። ስለዚህ አስቀድሞ ደም ይመረመራል፤ ለሐኪም ይህ ሀ ሁ ነው። ዶክተር ዘለሉት፤ ቫይረሱ ጉበቱን ሞላው። ዘግይተው ደሙን አስመረመሩ፤ የመረመረችው ባለሙያ ነግራኛለች። ተሳስቻለሁ ማለት ሞት ሆነባቸውና መድኃኒቱን በጣፋጭ ቫይታሚን ቀየሩት። ብልቃጡ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ዘበኞቹ በአንድ ጊዜ ነቁ። ከዚያማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።»

ሐኪሙ ላቡን ጠረገ። «እኔ አልገደልኩትም። የገደሉት የገዛ ሕዋሶቹ ናቸው።»

መርማሪዋ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረደች። «እነሱ ሥራቸውን ሠርተዋል። አንተ ሥራህን አልሠራህም። የወንድምህን ሚስት ነፍሰ ገዳይ ያደረጋት ደግሞ ሕዋስ አይደለም፤ አንተ ነህ።»

እናትየው «ልጄ…» አሉ። ሐኪሙም ምራትየዋም ዞሩ። አሮጊቷ እጃቸውን የዘረጉት ወደ ምራታቸው ነበር። እሷ የተዘረጋላትን እጅ አየችው፤ አልያዘችውም።