በአሥራት እጅ የተገኘው ቸኮሌት

አሥራት ሞቶ የተገኘው የሃሎዊን ዕለት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የቅመማ ቅመም ሱቁ ጓዳ ውስጥ ወንበሩ ሥር ተዘርሮ ያገኘችው ልጁ አቢጌል ናት። የድመት ጆሮ ጭንቅላቷ ላይ ሰክታ፣ ጭንብል ላጠለቁ ሕፃናት ደጃፉ ላይ ከረሜላ ስታድል ቆይታ፣ ሲያልቅባት ልትጨምር ገባች። የአባቷ ፊት አብጧል። በቀኝ እጁ የተገመጠ ቸኮሌት ይዟል፤ መካከሉ ለውዝ ነው።

አሥራት ለውዝ እንደማይስማማው በሰፈሩ ያልሰማ የለም። አንዲት ፍሬ ጉሮሮውን ትዘጋዋለች። ለዚህ ሐኪም ያዘዘለት መርፌ ከሸሚዝ ኪሱ አይለይም ነበር፤ ያን ቀን ግን ኪሱ ባዶ ነው።

ፖሊስ መጣ፣ ጻፈ፣ «አደጋ» ብሎ ሄደ። የኛ ሰው ግን በአደጋ አያምንም፤ ጥፋተኛ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ከረሜላውን የገዛች ማን ናት? አቢጌል። «በሰይጣን በዓል አባቷን በላችው» ተባለ፣ ያውም በለቅሶ ቤቱ፣ እሷ እየሰማች።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱቆቹ ጀርባ ወዳለው ፓርኪንግ ሄደች። ጠባቂው ምንይሉ ነው። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምሯል። እሱ የደረሰበትን ወንጀለኛ ዲግሪ የጫኑ ልጆች በስማቸው እየፈረሙበት መኮንን ሆኑ፤ እሱ ስምንተኛ ክፍል ነህ ተብሎ በሳጅንነት ተሸኘ። ይህን አልረሳም። የሚረሳ ሰውም አይደለም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለችው።

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም። ሌብሉን አንድ በአንድ ቼክ አድርጌ ነበር የገዛሁት፤ ግን አንዷ አምልጣኝ ይሆናላ። ደግሞ ጾም ላይ ነበር። እኔ ባላመጣው ጾሙን አያፈርስም ነበር። ሶ፣ ነፍሱንም ሥጋውንም…»

«ቆይ። የምን ጾም?»

«ጽጌ የሚባለውን። ቤት ውስጥ ወተት የምጠጣው እኔ ብቻ ነኝ።»

ምንይሉ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና የጥበቃ ክፍሉን ዘጋ። «ጓዳውን አሳዪኝ።»

ጓዳው ጠባብ ነው። ከእጅ መታጠቢያው ጎን አንዲት ጠርሙስ ታጥባ ተደፍታለች።

«ይህቺ የምን ናት?»

«በሶ የሚበጠብጥባት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠጣል።»

«ራሱ ያጥባታል?»

«አባዬ? ዕቃ አጥቦ አያውቅም። እኔ ነኝ የማጥብለት።»

«ሐሙስስ?»

«አልነካኋትም።»

የበሶውን ጣሳ ከፈተ። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ረቡዕ እኮ ልታልቅ ነው ብሎኝ ነበር» አለች አቢጌል ቅንድቧን ሰብስባ።

ከዚያ ግድግዳ ወደሚጋራው ምግብ ቤት ገባ። ባለቤቷ ውብነሽ ሽንኩርት ትከትፋለች። የአሥራትን ምሳ በየቀኑ በጓዳው በር የምታስገባ እሷ ናት።

«ሐሙስ ምን አበላሽው?»

«ደግሞ እኔ ላይ መጣህብኝ? ምስርና ጎመን።»

«ዓርብ እንኳ አልነበረም።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። ጽጌን ይዞ ነበር። የፈቃድ ጾም ነው፣ ካወሩት ዋጋ የለውም ይላል። ቅቤ እንዳይነካው ድስት ሳይቀር ለይቼለታለሁ።»

«ደመቀስ ያውቃል?»

«እሱ ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ ምን ጾም ያውቃል?»

ደመቀ የአሥራት የሱቅ ሸሪክ ነው። በርበሬ እየመዘነ አገኘው።

«ሳጅን፣ ፓርኪንጉን ማን ላይ ጥለህ መጣህ?»

«መኪኖቹ አዋቂ ናቸው፣ ይቆማሉ። አሥራት ቸኮሌት ይወድ ነበር?»

«እንደ ሕፃን። ሳምንቱን ሙሉ ከልጅቷ ቦርሳ እየሰረቀ ሲበላ አየው ነበር። ሐሙስም ከምሳ በኋላ ሁለቷን እፊቴ ገመጠ። ተው ለውዝ ይኖረዋል ስለው ሳቀብኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ አላወቀችም።»

«ይህንኑ ለፖሊስ ትደግምልኛለህ?»

«ኋይ ኖት?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለው ምንይሉ። ከልቡ ነበር።

እሑድ ከቀትር በኋላ አቢጌል፣ ውብነሽና ደመቀ ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። ምንይሉ የጠራት ፖሊስ በስልክ አስተርጓሚ ይዛ መደርደሪያው አጠገብ ቆማለች። ደመቀ የነገረውን ደገመላት፣ ሳያጓድል። እሷም ጻፈች።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለ ምንይሉ። «አሥራት ዕቃ የማያጥብ ሰው ነው። የሞተ ዕለት ግን የበሶ ጠርሙሱ ታጥቧል። ሊያልቅ የነበረ ጣሳ በአዲስ ተተክቷል። ስለዚህ የገደለው በሶው ነው። የተቆላ ገብስና የተቆላ ለውዝ ሽታቸው ጎረቤት ነው፤ ተፈጭተው ቢደባለቁ አይለዩም። አሮጌው ጣሳና የጠፋው መርፌ እኔው ፓርኪንግ ጥግ ካለው የቆሻሻ ገንዳ ወጥተዋል። ፖሊሷ ይዛቸዋለች።»

«ታዲያ ቸኮሌቱስ?» አለች ውብነሽ።

«ቸኮሌቱ ከሞተ በኋላ ነው እጁ የገባው። ሃሎዊን ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ውብነሽ ገዳይ ብትሆን ወተት ያለበትን ነገር በጿሚ እጅ አታስይዝም። አቢጌልም መጾሙን ታውቃለች፤ ደግሞ ራሷን በሚያስወቅሳት ነገር አትሸፈንም። ይህን ያደረገው ሐሙስ የፍስክ ቀን ነው ብሎ የተማመነ ሰው ነው።»

ደመቀ ፈገግ አለ። «አንድ ቀን አምሮት አፍርሶ ቢሆንስ?»

«አንድ ቀንማ ሰው ነው፣ ያፈርሳል። አንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲበላ አየሁ አልክ። ሃያ ስድስት ቀን ድስት አስለይቶ የጾመ ሰው አንተ ፊት ብቻ ቸኮሌት ይበላል?»

«በዚህ ሰው አይታሰርም።»

«በዚህ አይታሰርም። አሥራት ካልበላው ግን ሌላ ሰው ነው የገመጠው። የገመጠው ሰው ምራቅ እላዩ ላይ አለ።»

ደመቀ ሳያስበው እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ሁሉም አዩት።

ውብነሽ ወደ ደመቀ ዞረች። «አንተንና አሥራትን ረቡዕ በጓዳው በር ሰምቻችኋለሁ። በሟች ወንድምህ ስም ዲቪ ሞልተህ እንደገባህ ደርሶበት፣ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪውህ ሳይደርስ ራስህ ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ ሲልህ። የሸሪካሞች ጠብ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«አይናገርም ነበር» አለ ደመቀ። ወዲያው ግን በከንቱ ገደልኩት ማለቱ እንደሆነ ገባውና አንገቱን ደፋ። «ይናገር ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ፖሊሷ እጁን ይዛ አወጣችው። ውብነሽ ተከትላ ወጣች። አቢጌል ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ሶ… ጾሙን አላፈረሰም?»

«አላፈረሰም።»

«እኔም አይደለሁም?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ።»

እስከዚያች ሰዓት ያለቀሰችው ለጥፋቷ ነበር። አሁን ለአባቷ አለቀሰች።