አምስተኛው ሲሊንደር

በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ ምክንያቱም ነገሩን ባወራሁ ቁጥር ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱም ሰልችቶኛል። ጎረቤቶቼ ጂን ነው ሲሉ «ነፋስ ነው» ብዬ ተገላብጬ የምተኛ ሰው ነበርኩ፤ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ባይኔ ያየሁትንና በእጄ ያነሳሁትን ብቻ ነው የማምነው። ደግሞ እንደሌላው ሰው ወሬ በእኩለ ሌሊት፣ በመቃብር ሥፍራ አይደለም የሆነብኝ፤ በቀን ነው፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ አጠገቤ ሌላ ሰው ቆሞ እየሰማ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ የሰሜኑ ጦርነት በከረረበት ወቅት። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደሮችን የምጠብቅ፣ የማጓጉዝና ለታማሚ የማደርስ እኔ ነበርኩ። ቁስለኛ በጭነት መኪና ይመጣል፣ የገጠሩ በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል፣ እኔ ከእኔ የሚከብድ ብረት እያንከባለልኩ ከዕቃ ቤት ዋርድ፣ ከዋርድ ዕቃ ቤት እላለሁ፤ እመነኝ፣ በዚያን ዓመት ቆሜ እንቅልፍ የወሰደኝ ቀን ብዙ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው የቦሩ ሜዳ ሰው ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ስለ ሲሊንደር ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር፣ የአፉ መክደኛ ቆብ ሳይጠብቅ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ ሙሉው በዚህ ባዶው በዚያ ይቁም፣ ሲጋራ ይዞ የሚገባ ሰው ከእሳቸው ጋር ይተያያል። ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ቅባት ነበር። ኦክስጅን በሚወጣበት አፍ ላይ ዘይት ወይ ቅቤ ካለ፣ ያ የታመቀ ነገር ሲከፈት ክብሪት ሳይጫርበት ይነዳል። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ የመጣች ነርስ ካዩ «የኔ እናት፣ ወላሂ እጅሽን ሳትታጠቢ ወደዚህ እንዳትደርሺ!» ብለው ከበር ይመልሷት ነበር።

ሌላ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሲሊንደር ከዕቃ ቤት ከመውጣቱ በፊት ቢስሚላሂ ብለው በመክፈቻው ቁልፍ ሦስት ጊዜ ያንኳኩታል፣ ረጋ፣ ረጋ፣ ረጋ አድርገው። ባዶው እንደ ደወል ይጮህና ድምፁ ይቆያል፣ ሙሉው ግን አጠር ብሎ ይቀራል። «በጠመኔ እኮ ‹ሙሉ› ተብሎ ተጽፎበታል» ስላቸው፣ «በላይ፣ ጠመኔውን የጻፈው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይደክመዋል» ይሉኝ ነበር። የሚጠራጠሩት ሲሊንደር ካለ መጻፍ ስለማይችሉ አናቱ ላይ በጠመኔ ክብ ይሠሩና መሐሉን በአንድ መስመር ይሰርዙታል። ይህን ምልክት ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

አሁን የማልወደውን ልንገርህ። በዚያው ዓመት ጋሽ እንድሪስን ሳንባቸውን አመማቸውና እዚያው እኛ ሆስፒታል ተኙ። ኦክስጅናቸው ሲያልቅ ሌላ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጎኔን አላሳረፍኩም ነበር፣ ጠመኔው «ሙሉ» ይላል፣ ጎተትኩት፣ አላንኳኳሁትም። የዋርዱ ነርስ ሲስተር አልማዝ ገጠመችው፣ ከፈተችው፣ የግፊት መለኪያው የጌጁ መርፌ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ እንድሪስ መናገር አቅቷቸዋል፤ ክንዳቸውን ከአልጋው ዘረጉና በጣታቸው ቀለበት ብረቱን ሦስት ጊዜ መቱት፣ ረጋ አድርገው፣ ልክ እንደ ዕቃ ቤቱ። ድምፁ ቆየ። ከዚያ አዩኝ። ሮጥኩ፣ ሌላ እየገፋሁ ስመለስ ሲስተር አልማዝ አንሶላውን ፊታቸው ላይ እየሳበች ነበር። ሐኪሙ «ቢደርስም አይተርፉም ነበር» አለኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ ሊያጽናናኝ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ፣ ነሐሴ ላይ፣ ዘምዘም የምትባል የደሴ ዙሪያ ሴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት መተንፈስ አቃታት። ባሏ ሰይድ በቃሬዛ ተሸክሞ ካመጣት ጀምሮ ከዋርዱ በር አልተነቃነቀም። በሆስፒታሉ የቀረው ሲሊንደር እሷ ላይ የተገጠመው ብቻ ነበር። ሲስተር አልማዝ ጎተት አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «ያለኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢያደርሳት ነው። ከዚያ በኋላ የምሰጣት የለኝም፣ በላይ» አለችኝ። ከአዲስ አበባ የተላኩልን አምስት ሲሊንደሮች ኮምቦልቻ ቀርተዋል፤ የጫናቸውን መኪና ወታደር ለሌላ ጉዳይ ስለፈለገው አንድ መጋዘን አራግፏቸው ሄዷል። ስለዚህ በሆስፒታሉ ፒክአፕ ከሹፌሩ ከጌታቸው ጋር ወረድን። ጌታቸው የደሴ ሆጤ ሰፈር ልጅ ነው፣ አፉ የማያርፍ፣ ያን ቀን ግን እሱም ደክሞት ዝም ብሎ ነበር የሚነዳው።

መጋዘኑን የሚጠብቀው ሙሄ የሚባል ከሚሊሺያ የተመለሰ ሰው ነው። ሲሊንደሮቹን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አቁሞ በገመድ አስሯቸዋል፤ አመሰገንኩት። ቁልፌን አወጣሁና አምስቱንም አንድ በአንድ ሦስት ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ፣ ከጋሽ እንድሪስ ወዲህ ሳላንኳኳ ያለፍኩት የለም። አምስቱም ሙሉ። ግን ቆባቸውን ፈትቼ አፋቸውን አላየሁም። ማየት ነበረብኝ፣ እሳቸው ቢሆኑ ሳያዩ አይጭኑም፤ እኔ ግን ሰዓቱ እየሄደብኝ ነው፣ ኬላው ላይ ሰልፍ አለ፣ እጄም ዝሏል። አጋድመን ጫንናቸው፣ እንዳይጋጩ በመሐላቸው ጆንያ ጠቀጠቅን፣ በገመድ ጠፈርናቸው፣ ቁልፉን ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት። ኬላው ላይ ወታደሮቹ ወረቀታችንን አገላብጠው አገላብጠው ሲለቁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር።

የሐረጎን አቀበት መውጣት ስንጀምር ጉሙ ወረደ። የደሴን ጉም ታውቀዋለህ፣ አፍንጫህ ሥር ያለውን መንገድ ነው የሚወስድብህ። ጌታቸው መብራት አብርቶ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ ሳለ ከኋላችን ሰማሁ። ቃ። ቃ። ቃ። ረጋ ያለ፣ በመሐሉ እኩል ጊዜ ያለው።

«ሰማህ?» አለኝ ጌታቸው።

«ዕቃ ነው» አልኩት፣ አፌ እንደለመደው። ግን ወዳጄ፣ ድምፁ የባዶ ሲሊንደር ነበር፣ ይቆያል። እኔ ደግሞ የጫንኩት አምስት ሙሉ ነው።

ሁለት ጠመዝማዛ እንደወጣን ደገመ። አቆምን፣ ወርጄ ገመዱን ሳብ ሳብ አደረግሁት፣ ጆንያዎቹን ዳበስኩ፣ ሁሉም እንዳሰርነው ነው፣ የሚጋጭ ነገር የለም። ጌታቸው ከጋቢናው «በናትህ እንሂድ፣ ሴትዮዋ ትሞትብናለች» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ሰዓቴን አየሁ፣ አሥር ሰዓት አልፏል። ተሳፈርኩ። ከዚያ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እስኪሰማ ድረስ እሱ መሪውን፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጠን ሄድን።

ሦስተኛው ሲመጣ ጌታቸው ራሱ ፍሬን ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ሁለታችንም ወርደን ከኋላ ቆምን። መንገዱ ላይ መኪና የለም፣ ወፍ የለም፣ ከጎማው የሚንጠባጠበው ውኃ እንኳ ይሰማል። ሲሊንደሮቹን ቆመን እያየናቸው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ቃ። ቃ። ቃ። በቁልፍ እንደሚመታ ብረት ነው፣ ቁልፉ ደግሞ እጄ ውስጥ ነው፣ ኪሴ ውስጥ፣ ሞቆ። የመጨረሻው ድምፅ ጉሙ ውስጥ ቆየና ጠፋ። ጌታቸው ክንዴን ያዘኝ።

ያኔ ነው ያየሁት። በመጨረሻ የጫንነው አምስተኛው፣ ከኋላ መዝጊያው ጥግ ያለው፣ አናቱ ላይ በጠመኔ ክብ ተሠርቶበታል፣ መሐሉ በመስመር ተሰርዟል። ስጭነው አልነበረም፣ በእጄ ነው ያቀፍኩት እኮ! ጌታቸው በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገው። ብረቱ ሁሉ ከጉሙ የተነሳ ውኃ ያዘለ ነበር፣ ጠመኔው ግን ደረቅ ነው፣ ጣቱ ላይ እንደ ዱቄት ቀረ።

ቆቡን ፈታሁት። ሽታው ቀድሞ መጣ። አፉ ዙሪያውን፣ መክፈቻው የሚገጠምበት ጥርስ ውስጥ ሁሉ፣ ቅቤ ተለቅልቋል።

ጌታቸው «ቅቤ ነው?» ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቴን አየና ተወው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አስበው፣ ደሴ ስንደርስ መጀመሪያ የሚወርደው ለመዝጊያው የቀረበው ነው፣ ከዘምዘም ራስጌ የሚቆመው እሱ ነው፣ ሲስተር አልማዝ ጎንበስ ብላ የምትከፍተው እሱን ነው። መጋዘኑ ላይ ቆቡን ሳልፈታ የተውኩት እኔ ነኝ። የሌሎቹን አራቱን ቆብ እዚያው ፈታሁ፣ ንጹሕ ናቸው። አምስተኛውን መልሰን ዘጋነውና ለብቻው ራቅ አድርገን አሰርነው። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴ ድረስ ምንም አልተሰማም።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስን። ሰይድ ከበሩ ላይ ሮጦ መጣና «ትንፋሹ መጣ ወይ?» አለኝ፣ ኦክስጅኑን እንዲያ ነበር የሚጠራው።

«መጥቷል፣ አብሽር» አልኩት።

እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ ከአራቱ አንዱን አንኳኳሁ፣ አፉን አየሁ፣ አስገባሁት። ሲስተር አልማዝ ስትከፍተው መርፌው ተነሳ። ዘምዘም ተረፈች፣ በእግሯ ነው ከግቢው የወጣችው፤ ሰይድ ሲሰናበተኝ እጄን ሊስም ሲል ነጠቅሁት፣ አፈርኩ።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወርጄ ቅቤውን ማን እንደቀባው ሙሄን ጠየቅሁት። ደነገጠ። «እኔው ነኝ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም» አለኝ። «ዝናብ አግኝቷቸው አፋቸው እንዳይዝግ ብዬ ነው። ለጠብመንጃዬ የማደርገውን ነው ያደረግሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

«አንዱን ብቻ ለምን ቀባህ ታዲያ?»

«አምስቱንም ልቀባ ነበር እኮ፣ ያ ሽማግሌያችሁ ተቆጥተው አስተዉኝ» አለ። «ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው። ከናንተው መስሪያ ቤት መስለውኝ። የቀባኋትን አናቷን በጠመኔ ነካ አድርገው ሄዱ።»

ኮምቦልቻ ነጭ ቆብ ያደረገ ሽማግሌ ሞልቷል፣ ትንፋሽ የሚያጥረውም ብዙ ነው፤ እንዲህ ብዬ ነው ራሴን የማስተኛው። ጌታቸው ዛሬ ብትጠይቀው «ዕቃ ነበር የተጋጨው» ይልሃል፣ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ሲሊንደር ጭኖ አያውቅም፣ ሰበብ ይፈጥራል። እኔን እስካሁን የሚያደክመኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው ሊያድኑን ከመጡ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው፣ ታዲያ ለምን ያን በአልጋቸው ጎን የሰማሁትን የባዶ ሲሊንደር ድምፅ መልሰው አሰሙኝ? ይህን ስንት ዓመት አወጣሁ አወረድኩ።

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ባለፈው ወር ደረቴን ሲያፍነኝ ሰነባበተና ልጆቼ ጎትተው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጨዋ፤ ሸሚዜን አስወልቆ አንድ ጣቱን ጀርባዬ ላይ አስተኛና በሌላው ጣቱ አንኳኳኝ። አንድ። ሁለት። ከዚያ እጁን አንስቶ ሊጽፍ ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

ሦስተኛውን ሁለታችንም ሰማነው። ሐኪሙ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ፣ ጣቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያንኳኩት?» አለ። እኔ እያዳመጥኩ ነበር። እንደ ባዶው ሲሊንደር ድምፁ ቶሎ አልጠፋም።

የምርመራውን ውጤት ሰኞ መጥተው ይውሰዱ ብለውኝ ነበር። እስካሁን አልሄድኩም።