እሾህ የሌለው መንጠቆ

«እዚህ ጋ ነው» አለች ልጅቷ፤ እርሳሱን ካርታው ላይ ጫን አድርጋ ክብ አሰመረች። ውሸቷን ነበር።

አባቷ ትራውት የተባለውን የተራራ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ጥልቅ ውሃ ካሰመረችው ክብ በላይ፣ ጅረቱ ትልቁን ቋጥኝ በሚዞርበት ቦታ ነው። አባቷ ከሞተ አምስት ወሩ፤ ቦታውን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ አጎቷ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ ትምህርት ሲዘጋ ወደዚያው ሊወስዳት ያቅዳል። ማንም ሳይለምነው። የት እንደሚያድሩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ስንት ጥንድ ካልሲ እንደሚያዝ ሳይቀር ጽፏል። «እኔ እንኳ ዓሣ የማውቀው በቆርቆሮ ነው» ሲል እናቷ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጅቷን ከሁሉ በላይ ያንገበገባትም ይኸው ሳቅ ነው።

ምን ቤት ነው እሱ? አባቷ በየዓመቱ አብረን እንሂድ እያለ ሲለምነው፣ ሥራ አለብኝ ሲል የኖረ ሰው።

አጎቷ ከወንበሩ ሥር የአባቷን የእንጨት ሳጥን አወጣ። አባቷ ላባ በክር እየጠቀለለ ዝንብ አስመስሎ የሠራቸው ማጥመጃዎች የሚቀመጡበት ነው።

«የተበላሹትን ለይቼልሻለሁ» አለ ደስ ብሎት። «መንጠቆአቸው ላይ ያለው እሾህ ተደፍጥጧል፤ ዓሣ አይዙም። በምትካቸው አዲስ ገዛሁልሽ።»

ከፈተችው። የሱቅ ዝንቦች ብቻ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ።

«የድሮዎቹስ?»

በአገጩ የቆሻሻ ቅርጫቱን አሳያት።

ደሟ ፈላ። ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። እናቷ ተይ ብትላትም አልሰማችም፤ ከድንች ልጣጩ መሀል የረጠቡትን ላባዎች አንድ በአንድ መልቀም ያዘች።

«አልተበላሹም፣ ጋሼ። አባዬ ራሱ ነው የደፈጠጣቸው፤ እያንዳንዱን በፒንሳ። ዓሣውን መልሶ ሲለቀው አፉ እንዳይቀደድበት። አንድ ቀን እንኳ አብረኸው ሄደህ ቢሆን ይኼ አይጠፋህም ነበር።»

አጎቷ ቀስ ብሎ ተንበረከከና ልጣጩን እየገለጠ መፈለግ ጀመረ። መንጠቆ ጣቱን ሲወጋው እንኳ መፈለጉን አላቆመም።

«ሁልጊዜ ለከርሞ ነበር የምለው» አለ ፊቱን ሳያነሳ።

አላዘነችለትም። ሊያሳዝናት ሲል ጥርሷን ነከሰች።

አሥራ አንድ አገኙ። አጥባ ፎጣ ላይ አሰጣቻቸው። ከዚያ የአባቷን ፒንሳ ከመሳቢያ አውጥታ አዲሶቹን ዝንቦች ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያውን በንዴት ጨምድዳ መንጠቆውን ሰበረችው። ሁለተኛውን ቀስ ብላ ተጫነችው፤ እሾሁ ተኛ።

አጎቷን ሳታየው ፒንሳውን አቀበለችው።

«እንዲህ ነው። ብዙ አትጫነው።»

የሹፌር ጣቶቹ ትንሿን መንጠቆ ለመያዝ ተቸገሩ። ሦስቴ ጣላት፤ በአራተኛው ተሳካለት። የልጅቷ ንዴት አልበረደም፤ ጆሮዋ ድረስ ይግላል። ቢሆንም ካርታውን አስጠግታ ያሰመረችውን ክብ ትክ ብላ አየችው።

«ላጲስ አለህ?» አለችው።