የሁለት ጎን ልኬት

ልብስ ሰፊዋ እናት አንድ ልጇን ለመለካት ሰበብ አታጣም ነበር። ጨርቅ ተረፈ ትላለች፣ ሞዴሉ አማረኝ ትላለች፤ ብቻ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ "ነይ ቁሚልኝ" ማለት ነው። ልጅቱም "እማ፣ ቁም ሳጥኑ እኮ አልዘጋ አለ! ደግሞ የማን ሰርግ አለብን?" እያለች ትስቃለች፤ ትቆምላታለችም። ያ ሁሉ ቀሚስ ግን ለቀሚስ ተብሎ አልተሰፋም... ወይ ነዶ!

የእናትየዋን እናት የጡት ካንሰር ወሰዳት። እናትየዋንም ያው በሽታ ግራ ጡቷን አስቆርጦ ለቀቃት። ግን እውነት ለቀቃት? ለምርመራ በተጠራች ቁጥር እህል አይወርድላትም። ጎኗን ትንሽ ወጋ ካደረጋት "ተመለሰ" ብላ ትበረግጋለች። ትከሻዋ እንዳያጋድል ከጥጥና ከሩዝ የሰፋችውን ትንሽ ትራስ መሳይ ነገር ጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጣ ትውላለች። ይህንንስ ለምዳው ነበር። ሐኪሙ "በዘር የሚተላለፍ ዓይነት ነው፤ ልጅሽም ደሟ ይታይ" ሲላት ግን ይሄኛውን መልመድ አቃታት። እናት ለልጇ ቤት ታወርሳለች፣ ወርቅ ታወርሳለች፤ ይሄ ምን የሚሉት ውርስ ነው? በየትኛው አፏ ትንገራት? አልነገረቻትም። በልኬት አሳባ የልጇን ብብትና ደረት በጣቶቿ ትዳስሳለች፤ እብጠት ስታጣ ቀሚሱን ትሰፋለች።

አንድ ቀን ከምርመራ ስትመለስ ልጅቱ ስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻት።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም የለብሽም አሉኝ።"

ልጅቱ እፎይ ብላ አቀፈቻት። ከዚያ ሜትሩን አንስታ ሰጠቻት። "በይ ለኪኝ።"

እናት ደነገጠች። ልጅቱ ራሷ ለኪኝ ብላ አታውቅም!

"ቀሚስ ነው?"

"አይደለም። እንዳንቺ ያለ ትራስ ስፊልኝ። ለሁለቱም ጎን።"

ሜትሩ ከእጇ ወደቀ።

"አሞሻል? ልጄ... አሞሻል?"

"አላመመኝም። ደሜን አስመረመርኩ፤ ከዘር የመጣው ነገር እኔም ላይ አለ። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ ሁለቱንም ጡቴን ለማስቆረጥ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዣለሁ። ያንቺን ውጤት እስክንሰማ ነው ዝም ያልኩት።"

"ማን ነገረሽ?"

"እጅሽ። ቀሚስ የሚለካ ሰው ብብት ውስጥ ምን ይፈልጋል፣ እማ?"

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያወረስኩሽ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!" እናት ደረቷን ልትመታ እጇን አነሳች፤ ልጅቱ ቀልባ ያዘቻት።

"አያቴ ሳታውቅ ሄደች። አንቺ ታመሽ አወቅሽ። እኔ ሳልታመም አወቅኩ። በይ አታልቅሺ፣ ልኬቱ ይበላሻል።"

ለካቻት። እንባዋ ቁጥሩን ስለጋረደባት ልጅቱ እያነበበችላት ለካቻት። ዕድል ሰውን ሳይለካ ነው የሚሰፋለት፤ ጠበበሽ ወይ፣ ሰፋሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጣቶቿ ልማዳቸው ሆኖ ወደ ልጇ ብብት ሄዱና አፍረው ቆሙ። ልጅቱ ክንዷን ከፍ አደረገችላት።

"ዳብሺው እማ። ከእንግዲህ አብረን ነው የምንፈራው።"