የቤት ሰው ነው

«ዘበኛው የቤቱን ሰው ካላወቀ ማን ያሳውቀዋል?»

በ1981 ዓ.ም. ወሎ ሰፈር በቀበሌው አዳራሽ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ስብሓት ይህን ሲጠይቀኝ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ቀረሁ። ባሌ ሞቶብኝ ልጄን ትግስትን ከእናቴ ጋር የማሳድግ፣ ፊደል ገና የምቆጥር ሴት ነበርኩ። «ዘበኛ» የሚለውን ቃል አስጽፎኝ እንደ ቀልድ ያመጣው ጥያቄ ነው፤ ዓይኑ ግን አይቀልድም።

ስብሓት ቀን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ይሠራል። ከትምህርት ስንወጣ ይሸኘኝ ጀመር። አንድ ቀን ፊቱ ለምን እንደሚገረጣ ጠየቅሁት። ደማችን ውስጥ ባዕድ የሚያጠቁ ዘበኞች አሉ አለኝ፤ ኮምፕሊመንት ይባላሉ። የራሳችንን ሴል እንዳይነኩ በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ይከለክላቸዋል። የእሱ ቀይ የደም ሴሎች ግን ያ ፕሮቲን የላቸውም። ዘበኞቹ ያፈርሷቸዋል፤ ጠዋት ሽንቱ ጥቁር ሻይ ይመስላል።

«ይተላለፋል?» አልኩት፣ ያዘልኳትን ልጄን ጠበቅ አድርጌ።

«አይተላለፍም። ግን አይለቀኝም። ይህን ሳታውቂ እንድትወጂኝ አልፈለግሁም።»

«እወድሃለሁ ያለህ ማነው?»

«እርስዎ» ይለኝ የነበረው ሰው «አንቺ» ማለቱን ያስተዋልኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

እናቴ ስትሰማ ቀን ጨለመባት። አንዱን ቀብረሽ ሌላ በሽተኛ ልታገቢ ነው ወይ፣ እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ አለች። እኔም ፈርቼ ነበር። ትግስት እሱን «አባዬ» ማለት ጀምራለች፤ ሁለተኛ አባት ብታጣስ?

አንድ ቅዳሜ እናቴን ሊያነጋግር መጣ። ውሻችን ቡቺ እየጮኸ ዘለለበት። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ እያየች ውሻውን አልከለከለችም። እሱም ወደኋላ አላለም፤ እኔን ብቻ ያያል። ሮጬ ወጣሁ።

«ቡቺ፣ ተው። የቤት ሰው ነው።»

ለውሻ ሁሉም ሰው የሚለው ነው፤ አስቤ አልነበረም። ቡቺ ጭራውን እየቆላ እግሩ ሥር ተኛ። ስብሓት ፈገግ አለ።

«መልሱን አገኘሽው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምን አልሽ አንቺ?» አለች እናቴ።

«የቤት ሰው ነው፣ እማዬ።» ሁለተኛውን አስቤ ነው ያልኩት።

ዛሬ ያ ቤት የነበረበት ቦታ ሆቴል ቆሞበታል። እኔ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ከሽንት ቤት ሲመለስ «ሻይ ነው ወይስ ውሃ?» እያልኩ አሰለቸሁት፤ እሱም ሻይ ሲሆን እንኳ «ውሃ» ይለኝ ነበር።

እናቴ ከዚያ ቅዳሜ በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ዘንድ ሄደች። ስብሓት እኛ ጋር ቀረ።