ርዕሱ የአለቃ ነው

«ይሄን እኔ አልጻፍኩም!» ሚጣ ስልኳን አለቃ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የነበሩት የብሎግ ክበቡ ልጆች ድንገት ሥራ በዛባቸው፤ ሁሉም አቀርቅረው ኪቦርድ መነካካት ጀመሩ። አለቃ ግን አልደነገጠም። የትምህርት ቤቱን ብሎግ የሚመራው እሱ ነው። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይልቅ ሥራ አስኪያጅ መምሰል ስለሚወድ ልጆቹ ስሙን ትተው «አለቃ» ይሉታል፤ እሱም ቅር አይለውም።

«ጽሑፉ ያንቺ ነው። አንዲት ፊደል አልነካሁም።»

«ርዕሱስ?»

«ርዕስ የኔ ሥራ ነው። ስትገቢ ተነግሮሻል።»

እውነቱን ነው፣ ተነግሯታል። በክበቡ ደንብ ጸሐፊው ጽሑፉን ይጽፋል፣ ርዕሱን አለቃ ያወጣል። ሚጣም እንደ ደንቡ ርዕሱን ባዶ ትታ ሰጠችው። አለቃ ደግሞ ባዶው ቦታ ላይ «ፈተና ላይ የተዘረረችው ልጅ ጉድ! ምክንያቱን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ!» ብሎ ለቀቀው።

ጽሑፉ ውስጥ ጉድ የሚባል ነገር የለም። ቁርስ ሳይበሉ ፈተና መግባት ምን እንደሚያደርግ፣ ራስ ሲያዞር አንገትን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መተንፈስ እንደሚረዳ፣ ፈታኙን ለመጥራት ማፈር እንደማያስፈልግ ይናገራል። ምክሩን ለሚጣ የሰጠቻት የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት። ጉድ ፍለጋ የገባው ሁሉ ግን ጉዱን ሲያጣው ራሱ ፈጠረው። አንዱ «ፍቅረኛዋ ትቷት ነው» አለ። ሌላው «አክቲንግ ነው አቦ፣ ስላላጠናች ነው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በታች የተጻፈውን ሚጣ ለመድገም እንኳ ታፍራለች።

ጽሑፉ የሚነሳው በአንዲት ተማሪ መውደቅ ቢሆንም የልጅቷ ስም አልተጠቀሰም። ባለፈው ሳምንት የሂሳብ ፈተና ላይ ራሷን አዙሯት የወደቀችው ግን አንዲት ልጅ ብቻ ስለሆነች ስም አላስፈለገም። ድንቡሼ ናት፣ የሚጣ የዴስክ ጓደኛ። ጽሑፉ ትናንት ወጣ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም፣ ስልክም አታነሳም።

«ሰው ገብቶ አነበበልሽ፣ ምን ያናድድሻል?» አለ አለቃ።

«አላነበበም! ገብቶ ሙድ ያዘባት እንጂ!»

«ያው ነው። ቁጥሩን እዪው እስቲ። እንዲህ የተነበበ ጽሑፍ ኖሮን አያውቅም። ዓርብ ዋናው ገጽ ያንቺ ነው። እኔ ስመረቅ ደግሞ ይሄን ወንበር ማን እንደሚረከበው ታውቂያለሽ። ስለዚህ አታካብጂ።»

የሚጣ ጆሮዋ ጋለ። በጣም ያበገናት ግን ሌላ ነገር ነው። ርዕሱን ትናንትና አይታው ነበር። አይታ ቅር አላት፤ ከዚያ ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ አየችና ዝም አለች። ዝም ብቻም አይደለም፣ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ያን ደስታዋን ባስታወሰች ቁጥር በአለቃ ላይ የነደደው ንዴት ወደ ራሷም ይዞራል።

«አንባቢ በግ ነው እንዴ፣ ጨው እያሳየህ የምታስገባው?» አለችው። «ጉድ አለ ብለህ ጠርተህ ጉድ አልሰጠኸውም። እሱንም አታለልከው፣ እሷንም አዋረድካት። ርዕሱን ቀይረው።»

«አልቀይርም። አንቺም ከነካሽው ከክበቡ ወጥተሻል። ደንብ ደንብ ነው።»

ሚጣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሩን ወርውራ ልትዘጋው አስባ ነበር፤ በሩ ግን የሚገፋ ሳይሆን የሚንሸራተት ስለሆነ ንዴቷን እንኳ በወጉ አላስወጣላትም።

በቀጥታ ድንቡሼ ቤት ሄደች። የድንቡሼ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። በር ሲከፍቱ የመለኪያ ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር።

«ግቢ የኔ ልጅ። ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች። እህልም አልቀምስ ብላኛለች፤ እስቲ አናግሪያት።»

«እሺ እትዬ።»

ድንቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የሚጣን ድምፅ ሰምታም አልዞረችም።

«ስንት ደረሰ?»

«ምኑ?»

«ተመልካቹ ነዋ! ኮከብ አደረግሽኝ አይደል?»

«ርዕሱን እኔ አላወጣሁትም። እናቴን!»

«ቁጭ ብለሽ ከላይ እስከ ታች አነበብሽልኝ» አለች ድንቡሼ። «‹እዚህ ጋ ያለውን ልሰርዘው?› ስትዪኝ ‹ተዪው፣ ሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል› አልኩሽ። ርዕሱን ግን አላነበብሽልኝም።»

«ርዕሱ የአለቃ ነው። አላሰብኩትም።»

«መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ሆኖ ሳለ?»

ሚጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አጥፊው ካልሽኝ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለች በመጨረሻ።

ድንቡሼ ተነስታ ስልኩን ከእጇ ነጠቀቻት። ሚጣ «ኮመንቱን አታንብቢው፣ ይቅርብሽ» ብትላትም አልሰማቻትም። አነበበች። ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

«ይቺን አይተሻታል?»

በስድቡና በሳቁ መሀል አንዲት ልጅ እንዲህ ብላ ጽፋ ነበር፦ «እኔ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። እኔንም ፈተና ሲደርስ እንዲህ ያደርገኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም። ልጅቷ አሁን ደህና ናት?» ከሥሩ አንድ ሰው የሚስቅ ፊት ደርድሮበታል።

«ማን መለሰላት?»

«ማንም።»

«አንቺስ?»

«እኔም» አለች ሚጣ። ቁጥሩን ስትቆጥር ልጅቷን አላየቻትም ነበር። ይሄኛው እውነት ከሁሉም በላይ አሳፈራት።

ድንቡሼ ትራሱን ከጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች። «አይጠፋም። ርዕሱን ቀይሪው። እኔ እመልስላታለሁ።»

ሚጣ ስልኩን ተቀብላ በጸሐፊ መግቢያዋ ብሎጉ ውስጥ ገባችና የአለቃን ርዕስ ደመሰሰችው። «ፈተና ላይ ራሳችሁን ቢያዞራችሁ» ብላ ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበችላት። ድንቡሼ ትንሽ አሰበችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሚጣ ለቀቀችው። ቀጥላ ነውረኞቹን ኮመንቶች አንድ በአንድ እያጠፋች ወረደች። የልጅቷ ጥያቄ ጋ ስትደርስ ስልኩን ለድንቡሼ ሰጠቻት።

ድንቡሼ ቀስ ብላ መጻፍ ጀመረች። «ደህና ነኝ። የወደቅኩት እኔ ነኝ። እኔም እንዳንቺ ለማንም ሳልናገር ነበር...»

ስልኩ ጮኸ። ድንቡሼ ደንግጣ እጇን አነሳች። ሚጣ ጎንበስ ብላ አየችና ጥሪውን ዘጋችው።

«ማነው?»

«አለቃ ነው። ከክበቡ ሊያባርረኝ ይሆናል።»

«እና አታናግሪውም?»

«በኋላ እደውልለታለሁ። አንቺ ቀጥዪ፣ ልጅቷ እየጠበቀች ነው።»