ኤልማ ያላየችው ጥሩ ሌሊት

ኤልማ ካርቮነን የሞተችው፣ ስልኳ እንደሚለው ከሆነ፣ በሕይወቷ ምርጡን ሌሊት አሳልፋ ነው። ስልክ ደግሞ የነገሩትን እንጂ ሌላ አያውቅም።

መርማሪ ቬርና ሊንድግረን በረዶውን ጥሳ ሐይቁ ዳር ካለው ቤት ስትደርስ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነበር። ሐኪሙ መንገድ ተዘግቶበት ገና አልደረሰም። ኤልማ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሠላሳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ፣ ሃምሳውን ከስኳር ሕመም ጋር ስትታገል የኖረች ሴት። በግራ ክንዷ ላይ ሳንቲም የምታህል የስኳር መለኪያ ተለጥፋለች። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

የእህቷ ልጅ ሄሊ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነርስ ናት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«ተነሺ ልጄ። በምን ገደልሻት?»

«በሁለት ዩኒት። ሊነጋ ሲል ስኳሯ እየወጣ ሁለት መቶ ይገባ ነበር። ሁልጊዜ! የማታውን ኢንሱሊን በሁለት ዩኒት ጨምሪ አልኳት፤ ትናንት ጀመረች። የእሷ መለኪያ የሚለውን እኔም በስልኬ አየዋለሁ። ሌሊት ስነቃ ዘጠና ስምንት ይላል። ሠራልን ብዬ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።» እንባዋ አላስጨርስ አላት። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ጮኸ። በአንዴ ወርዳ… ሮጬ ስደርስ አልፋለች። ከእንግዲህ የታማሚ እጅ አልነካም።»

ቬርና አላጽናናችም፤ ማጽናናት አይሆንላትም። ብቻውን የኖረ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። መሐረብ ሰጠቻትና ወደ ማዕድ ቤት አለፈች።

የኤልማ ባል ዴልበርት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ከተጋቡ ሰባት ዓመታቸው ነው። በዚያ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ሸሚዙን እስከ አንጓው ቆልፎ ላቡን ይጠርጋል።

«በልጅቷ አይፍረዱ» አለ። «ለደግ ብላ ነው። ሰው ይሳሳታል።»

«ማታ መርፌውን ማን ወጋት?»

«እኔ። ጣቶቿ ከተቆለመሙ ጀምሮ እኔ ነኝ የምወጋት። ሄሊ ባለችው ልክ፣ ሃያ ሁለት ዩኒት።»

«መለኪያዋስ?»

«የሚሠራበት አሥር ቀን ስላበቃ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በአዲስ ለወጥኩላት። ሦስት ሰዓት ላይ ከሬይኖ ጋር ዓሣ ልናጠምድ በረዶ የሠራው ሐይቅ ላይ ወጣን። ስመለስ አሥራ አንድ ተኩል አልፎ ነበር።»

ቬርና ከኤልማ ራስጌ ያመጣችውን ስልክ አገላበጠችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችውና መልሳ አስቀመጠችው። ዴልበርት ምን ነካት በሚል ዓይን አያት።

ጎረቤቱ ሬይኖ ደጅ በረዶ ይዝቃል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሰው ሁሉ ደጅ ይዝቃል፤ ቤት ገብቶ ብቻውን መቀመጡን ስለሚፈራ ነው።

«አንቺ ቬርና፣ ዛሬም ሳትበዪ ነው የወጣሽው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«በልቻለሁ። ዴልበርት ሌሊቱን ሙሉ ካንተ ጋር ነበር?»

«አልተለየኝም። የኔን ዓሣ ከማጽዳት በቀር አንዲት አልያዘም፣ ወሬም የለው! ማጥመጃው ጎጆ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጦ ሸሚዙን አላወልቅ አለ። እኔ በካናቴራ ነበርኩ።»

«ምን በላችሁ?»

«አሁን ይሄ ምኑ ይጠየቃል? የብሉቤሪ ኬክ። አራት ሰዓት ላይ። ሁለት ቁራጭ ዋጥ አደረገ።»

«ኤልማ ዓሣ ታጠምድ ነበር?»

«ኤልማ?» ሬይኖ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። «ሽታውን አትችልም ነበር። እኔን እንኳ ሳልታጠብ አታስገባኝም።»

ቬርና ተመልሳ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጦች ቆመዋል። ሄሊን ጠራቻት።

«እነዚህ መቼ መጡ?»

«ዓርብ ማታ፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው። ይሄ ከምግብ በፊት የምትወጋው ፈጣኑ ነው፤ ይሄ ደግሞ የማታው።»

«አሮጌዎቹስ?»

«አልቀው ነበር። ዓርብ እዚህ ስለነበርኩ የመጨረሻውን እኔው ወግቻት ብልቃጦቹን ራሴ ጣልኳቸው።»

ቬርና መኝታ ቤት ገባች፤ ጓንት አጠለቀችና ከኤልማ ክንድ ላይ ያለችውን መለኪያ ጠርዟን አነሳች። ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ ሬይኖን ከደጅ ጠርታ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። የራሷን እጅጌ ጠቀለለች፤ ክንዷ ላይ የኤልማን የመሰለች መለኪያ አለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ በሽታ ጋር ኖሬአለሁ» አለች። «ስለዚህ የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም። ሊነጋ ሲል ጉበት ለሚነሳው ሰውነት ስኳር ይለቃል። ጤነኛ ሰው የራሱ ኢንሱሊን ወዲያው ይመልሰዋል፣ ነገሩንም አያውቀው። እኛ ግን ስንነሳ ወጥቶ ይጠብቀናል። በስልኳ ላይ የኤልማን ዘጠና ሌሊቶች አየሁ። ሰማንያ ዘጠኙ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይወጣል። የትናንቱ ብቻ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።»

«መድኃኒቱ ስለጨመረ ነዋ» አለ ዴልበርት።

«እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ መስመሩ ወደ መቶ ሠላሳ አንድ ወጥቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንም መርፌ ሳይወጋ በራሱ ተመለሰ። ኤልማ ኬክ ብትበላ ኖሮ ያለ መርፌ ስኳሯ ሦስት መቶ ይገባ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ኬክ የበላ ማን ነው?»

ሬይኖ ቀስ ብሎ ወደ ዴልበርት ዞረ። «አንተ ሰውዬ…» አለና አቆመ።

«ቆይ ሬይኖ። ሁለተኛ፣ የማታ ኢንሱሊን ስኳር የሚያወርደው ቀስ እያለ ነው። ይሄ መስመር ግን ዴልበርት ቤት በገባበት ደቂቃ ከዘጠና ስምንት በአንዴ ወለል ደረሰ። መለኪያ እንዲህ የሚሆነው ከሥጋ ሲነቀል ነው። ሦስተኛ፣ የኤልማ ስልክ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አራተኛ፣ ክንዷ ላይ ካለችው መለኪያ ሥር የመርፌ ቀዳዳ የለም፤ ሥጋ ውስጥ መግባት የነበረባት ቀጭን ክሯ ታጥፋ ተለጥፋለች። አቶ ዴልበርት፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ።»

«ለምን ብዬ?»

«ሰብስብ!» አለ ሬይኖ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

በግራ ክንዱ ላይ ክብ ቀይ ምልክት አለ፣ መሐሉ ላይ የደረቀች የደም ነጥብ።

«ፈጣኑን አብዝተው ወጓት» አለች ቬርና። «መለኪያዋ ጮኾ ሄሊን እንዳይጠራት አዲሱን በራስዎ ክንድ ላይ ለጥፈው፣ ስልኳን ኪስዎ ከተው ወጡ። ሄሊ ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎን ስኳር ነው ስታይ ያደረችው። ብርድ ልብሱም ሬሳዋ ሳይቀዘቅዝ ቆይቶ ሊነጋ ሲል የሞተች እንድትመስል ነው።»

ዴልበርት እጅጌውን መልሶ አወረደ። «ሰባት ዓመት» አለ። «በየሌሊቱ ይጮኻል። የምነሳው እኔ፣ ጭማቂ የማጠጣት እኔ! ሰኞ ግን ቤቱን በእሷ ስም ልታዞር ነበር።» በአገጩ ሄሊን አመለከተ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

«ሲጮኽ የተነሱባቸው ሌሊቶች ይቆጠሩልዎት» አለች ቬርና። «ትናንት ግን እንዳይጮኽ አደረጉት።»

ሐኪሙና ሁለት ፖሊሶች ሲደርሱ ዴልበርትን ወሰዱት። ሄሊ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ሁለቱ ዩኒትስ?» አለች። «እሱ ባይወጋትም፣ የኔ ሁለት ዩኒት…»

ቬርና ሁለቱን ብልቃጦች አምጥታ ፊቷ አቆመች። ፈጣኑ ግማሽ ደርሷል። የማታው ግን የብረት ክዳኑ እንደታሸገ ነው።

«ትናንት ከማታው ጠብታ አልወሰደችም። ምክርሽ ደሟ ውስጥ አልገባም። ደግሞም ልክ ነበርሽ፤ እኔም ብሆን ሁለት ነበር የምጨምርላት።»

ሄሊ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ ጮክ ብላ አለቀሰች። አሁን የምታለቅሰው ለአክስቷ ብቻ ነበር። ቬርና ይህን ጊዜ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ እንዴት እንደሚደረግ ትንሽ ቸግሯት ነበር።

ጥቂት ቆይታ ሄሊ ቀና አለች። «የእርስዎን ማን ያየዋል? በስልኩ ማለቴ ነው።»

«ማንም።»

«ሲወርድብዎትስ?»

«እስካሁን ነቅቻለሁ» አለች ቬርና፣ ኮቷን እየደረበች። ሄሊ ግን እጇን ዘረጋች፣ እስክትሰጣትም አላወረደችውም። ስልኩን ተቀብላ አንድ ነገር ነካካችና መለሰችላት።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቬርና እንደ ልማዷ ጨለማው ውስጥ ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች። ስኳሯም እንደ ልማዱ እየወጣ ነው፤ መቶ ስድሳ፣ መቶ ሰባ። ስልኩ ጮኸ። መለኪያው መስሏት አነሳችው።

«እየወጣ ነው» አለች ሄሊ፣ ድምጿ እንቅልፍ እንደያዘው። «ነቅተዋል?»

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ ሰዓት ማንም ጠይቋት አያውቅም። ብርድ ልብሷን ገፋ አድርጋ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ነቅቻለሁ ልጄ» አለች። «አትዝጊው።»